በሦስት ሰዓት ወደኋላ

ኅዳር 4

ለውድ እትዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ኃላፊው ከበር መዝጋቢዋ ማሽን የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዷን መስመር በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ ያደረጋት ጊዜ ነው። «የቀዝቃዛው ክፍል በር ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፍቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ማክሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተረኛዋ ማን ነበረች?» አለኝ፤ የማያውቅ ይመስል። እኔ ነበርኩ። በሩን ግን አልከፈትኩም፤ አልከፈትኩም አልኩት። ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ማሽን አይዋሽም፣ የኔ እመቤት» አለ። በዚህች ቃል ሞቆ የተበላሸው አራት ሺህ ብልቃጥ የከብት ክትባት በእኔ ራስ ላይ ፈሰሰ።

ምን እንደተባባላችሁ አንድ በአንድ ጻፊልኝ ስላሉኝ ነው ከዚህ የጀመርኩት፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ቀርቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለ ቁልፉ ነበር። ስለ ቁልፍ ማንም ትንፍሽ አላለም። ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ ብሎ የጠየቀ የለም። ለምን እንደጠየቁኝ ባይገባኝም መልሱ ይኸው ነው።

የሰጡኝ ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ የዝውውር፣ አንዱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ዝውውሩን ችዬዋለሁ። የተዛወርኩበት የገጠር ጣቢያ ሁለት ክፍልና የማይዘጋ መስኮት አለው። ስልክ የሚይዘው የውኃ ማጠራቀሚያው ላይ ወጥተው ሲቆሙ ብቻ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ «ከላም ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ እዚህ ላይ የቆምኩበት ይበልጣል» ይላል። ስለዚህ የምንገናኘው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ዓርብ ዓርብ በሚያመላልሰው ወረቀት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ማኅደሬ ውስጥ እስካለ ድረስ በተማርኩበት ሙያ ላቦራቶሪ የሚያስገባኝ መሥሪያ ቤት አይኖርም። ይግባኝ ለማለት እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን አለኝ። እጄ ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ «አልከፈትኩም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

እናቴን አይተዋት ከሆነ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

*

ኅዳር 9

ለምላጬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ብርዱስ? እኔ፣ ከጉልበቴና ከመሥሪያ ቤታችን ደረጃ በቀር በዚህ ዓለም ጠላት የለኝም። ደብዳቤሽን ሾፌሩ እንደ ጉድ ተጠንቅቆ በደረት ኪሱ አምጥቶልኛል፤ ከላቡ ጋር።

እናትሽን አግኝቻቸዋለሁ። ዝውውሩን ነገርኳቸው፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ዋጥ አደረግሁት። «ልጄ እሳት ናት እንጂ ዝርክርክ አይደለችም፤ ምን አድርጋ ነው እዚያ የሰደዷት?» ሲሉኝ ሳል መጣብኝ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላቸው?

ጃኬትሽ ወንበርሽ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ላንሣው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ኃላፊያችን ደህና ናቸው፤ ስለ አንቺ አያነሱም።

ስለ ይግባኙ ላነሣሽው፣ እኔ እንኳ ብትተዪው እላለሁ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ጊዜ አለሽ። ትንሽ ይለፍና ሰው ይረሳዋል። ከአለቃ ጋር መሟገት ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው፤ የሚያብጠው ግንባርሽ ነው። እኔ አራት ወር ነው የቀረኝ፤ ጡረታዬን ይዤ ስወጣ መጥቼ እጠይቅሻለሁ። እስከዚያ ቻል አድርጊው።

ሁለት ጥንድ ካልሲ ልኬልሻለሁ። ቀለማቸው አይመሳሰልም፤ ሙቀታቸው አንድ ነው።

እትዬሽ

*

ኅዳር 11

እትዬ፣

እንደምን አሉ? ካልሲውን አሁን አድርጌዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ይረሳል ላሉኝ፣ ሰው ይረሳል፤ ማኅደር አይረሳም። ስለዚህ አልተውኩትም። አሁን ደግሞ የምይዘው ነገር አገኘሁ።

ረቡዕ ዕለት መደርደሪያ ሳጸዳ አንዲት ታናሽ ኮምፒውተር ከነካርቶኗ አቧራ ለብሳ አገኘሁ። የእኛ የቀዝቃዛው ክፍል መዝጋቢ እህት ናት፤ መዳፍ የማትሞላ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የምትሠራ፣ ስክሪን የሌላት። የዚህን ጣቢያ ማቀዝቀዣ እንድትጠብቅ ተልካ ማንም አላስነሣትም። እኔ ላስነሣት ብዬ የሐኪሙን ስክሪን ተዋስኩ።

እንደበራች ሦስት ነገር ትጠይቃለች። በምን ቋንቋ ላናግርሽ? የሰካሽብኝ ቁልፍ ሰሌዳ የየትኛው አገር ነው? የየትኛውንስ አገር ሰዓት ልቁጠር? ሳይመልሱላት «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» እያሉ ቢያልፏት አትጨቃጨቅም። የሠሪዎቿን ቋንቋ፣ የሠሪዎቿን ቁልፍ ሰሌዳ፣ የሠሪዎቿን ሰዓት ይዛ ሥራ ትጀምራለች። የእነሱ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በሦስት ወደኋላ ነው። ይህን ሳነብ የእኛዋ ትዝ አለችኝ።

የእኛዋን የተከልኳት እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም መልሼላት ነበር። በራሳችን ፊደል ያደረግኳት እርስዎ ያለ እኔ እንዲያነቧት ነው፤ ያስታውሳሉ። ነገር ግን መስከረም ላይ ከዕረፍት ስመለስ ኃላፊው «የማስታወሻ ካርዷ ተበላሽቶ አዲስ ጫንኩባት፤ በአሥር ደቂቃ አስነሣኋት» ብሎ ሲፎክር ሰምቻለሁ። «ጥያቄዎቹን መልሰውላታል?» አልኩት። «እሱ ለይምሰል ነው፤ መብራቷ በርቶ የለ?» አለኝ። አረንጓዴውን መብራት አይቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስክሪን ሰክቼ አላየኋትም። ይህ የእኔ ስንፍና ነው፤ አልክደውም።

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። ንብረት ሊቆጥሩ ክፍሉ ሲገቡ ከመጋዘንዎ ያን አሮጌ ስክሪንና ቁልፍ ሰሌዳ ይዘው ገብተው ይሰኩላት። መጀመሪያ ጽሑፉ በእኛ ፊደል መሆን አለመሆኑን ይዩ። ከዚያ መጻፊያውን ከፍተው፣ ሁለት ቁጥር ላይ የተሳለችውን የኢሜይል ምልክት ይምቱና ምን እንደሚወጣ ይጻፉልኝ፤ የሠሪዎቹ ሰሌዳ ከሆነ ሌላ ምልክት ነው የሚወጣው። በመጨረሻ ሰዓቷን ከግድግዳው ሰዓት ጋር ያስተያዩ። በተለይ ደቂቃውን። ባትሪ ደክሞ የሚዘገይ ሰዓት ደቂቃውም ይዛነፋል። አገር የተሳሳተ ሰዓት ግን ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚርቀው። ምንም አይቀይሩ፤ ማየት ብቻ።

በሦስት ሰዓት ወደኋላ ከሆነች፣ በሩ የተከፈተው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሳይሆን አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። የተዘጋውም አሥራ ሁለት ላይ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈርሜ ወጥቻለሁ። በዚያ ሰዓት ቁልፉ ማን እጅ እንደነበር የእርስዎ መዝገብ ያውቃል፤ እሱንም አያይዘው ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

*

ኅዳር 16

ለምላጬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባልዲና ብርድ ልብስ ስቆጥር ኖሬ፣ በስተርጅና የሰው አገር ሰዓት ልቆጥር ተነሣሁ።

ስክሪኑን በጋሪ ገፍቼ አስገባሁት። ሽቦው አራት ዓይነት ነው፤ ሦስቱ አልገባ አሉ፣ አራተኛው ሳልለምነው ገባ። ስክሪኑ ሲበራ እኛ የምናውቀው ፊደል አንድም የለም። አንቺ ያሳየሽኝ «የበር መዝገብ» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁት። ያው ሣጥን፣ ያው ግድግዳ፣ ውስጡ ግን ሌላ ሰው የተከራየው ቤት መሰለኝ። የኢሜይሏን ምልክት መታሁ፤ የጥቅስ ምልክት ወጣች። እንደገና መታሁ፤ ጥቅስ። ሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብዬ፣ እንደ እንቁላል ነካኋት፤ አሁንም ጥቅስ። የጥቅሱን ስመታው ደግሞ የኢሜይሏ ወጣች። ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሰዓቷን አስተያየሁ። ደቂቃው ከግድግዳው ጋር እኩል ነው፣ እንዲያውም አብረው ነው የሚዘልሉት። ሰዓቱ በሦስት ወደኋላ ነው። የሰዓቷን አገር የሚናገረውን መስመር ትርጉሙን ባላውቀውም ፊደል በፊደል ገልብጬልሻለሁ፤ በዚህ ወረቀት ጀርባ አለልሽ። ቀኑንና ስሜንም ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ልወጣ ስል ኃላፊያችን በበሩ ብቅ አሉ። «እትዬ፣ ምን ያደርጋሉ?» «አቧራ እጠርጋለሁ።» «በስክሪን?» «ስክሪኑም አቧራ አለበት።» ትንሽ አዩኝና ሄዱ። ጋሪዬን ገፍቼ ወጣሁ።

ሌላ ምን አለ። ዝናቡ ቆሟል። ድመቷ መጋዘን ውስጥ ወልዳለች፣ አራት። አንዷን በስምሽ ጠርቻታለሁ፤ ትቧጭራለች።

እጄ ስለደከመኝ እዚህ ላይ ላብቃ።

እትዬሽ

*

ኅዳር 18

እትዬ፣

እጅዎን ይማረው። የገለበጡት መስመር ልክ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳቱም። ይግባኙን ዛሬ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ይግባኝ የሚሰማው ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

ድመቷንም ዝናቡንም ነገሩኝ። መዝገቡን አልነገሩኝም።

ሰዓቱ መሳሳቱን ካሳየሁ እኔ እንዳልነበርኩ ይታወቃል ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን ትናንት አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አንቺ ቁልፍ ነበረሽ፤ ከሥራ ወጥተሽ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሰሽ አልገባሽም የሚል ማን አለ?» አለኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰማያዊ ሽፋን ባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ቁልፉ አንድ ነው። ሲወጣም ሲገባም የሚያልፈው በእርስዎ እጅ ነው።

እዚህ እንደመጣሁ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ በላኩልኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ ስለ ቁልፉ ለምን እንደጠየቁኝ ዛሬ ማሰብ ጀመርኩ። ማሰቤን አልወደድኩትም።

ያን ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ቁልፉን ለማን ሰጡት?

*

ኅዳር 23

ልጄ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው፤ ከነቆሻሻው አንብቢው።

ቁልፉን የሰጠሁት ለኃላፊያችን ነው። አንቺ ከወጣሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት እንግዶች አስከትለው መጡ፤ አንዱ ትልቅ ካሜራ ተሸክሟል። «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ፤ ክፍሉን አሳይቼ ልመልስ» አሉኝ። መዝገቡን ስገፋላቸው ሳቁ። «እኔን ነው የምታስፈርሚኝ?» አሉ። አፈርኩና መልሼ አጠፍኩት። ያለ ፊርማ ቁልፍ ማውጣት የእኔ ጥፋት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም አድርጌው አላውቅም።

አምስቱ ደቂቃ አላለቀም። አሥራ ሁለት ላይ መብራት ላጠፋ ስዞር፣ የቀዝቃዛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ አየሁት። እንዳይቆለፍባቸው ፈርተው ነው መሰለኝ፣ ከታች የታጠፈ ካርቶን ወሽቀውበታል። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል። ካርቶኑን መንጥቄ ዘጋሁት። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።

ወረቀቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሲል ግራ ገባኝ። ምናልባት ቀኑን ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ይሆናል፣ ምናልባት አንቺም ረስተሽ ይሆናል አልኩ። ማሽኑን አመንኩና ዓይኔን ካድኩ። እንዲያ ማመን ለእኔ ስለሚመቸኝ ነው ያመንኩት። ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶታል። ጥፋቴ ሲታወቅ የሚሆነውን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ካልሲ ላክሁልሽ።

ስክሪኑ ላይ ሦስቱን ሰዓት በዓይኔ ቆጥሬ ሳይ ሌላ የምደበቅበት አልነበረኝም። ያንለታም አልጻፍኩልሽም። ስለ ድመት ጻፍኩልሽ።

ስደቢኝ። የፈለግሽውን በይኝ። በዚህ ወረቀትም የፈለግሽውን አድርጊበት።

*

ኅዳር 25

እትዬ፣

አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ። ተቀይሜያለሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ ውጭ ወጥቼ አንድ ባልዲ ሙሉ ሲሪንጅ አጠብኩ፤ ታጥቦ ያደረ ነው። ሐኪሙ አየኝና ፎጣ አቀበለኝ።

ይህን ወረቀት ለይግባኝ ሰሚዎቹ ብሰጠው ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ፊርማዎም ባይኖርበት እጅ ጽሑፍዎን የማያውቅ የለም። እኔ ግን መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ከዚህ ጋር ተጣጥፎ አለ። በእኔ ላይ ሰዎች በሌለሁበት፣ በወረቀት ብቻ ፈረዱብኝ። ያንኑ በእርስዎ ላይ አላደርገውም። የሚናገሩ ከሆነ በራስዎ እግር ሄደው፣ በራስዎ አፍ ይናገሩ። ካልተናገሩም ሰዓቷን ብቻ ይዤ እሟገታለሁ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚሰሙት። እኔ መንገዱ ተበላሽቶ ልደርስ አልችልም።

ጉልበትዎን ይጠንቀቁ። ይህንን ከልቤ ነው።

*

ኅዳር 30

ለምላጬ፣

ደረጃውን ወጣሁት። ምን እንዳልኩ አልደግምልሽም፤ ቃለ ጉባኤው ይደርስሻል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ወንበር ሰጡኝና አልቀመጥም አልኩ። ብቀመጥ የምነሣ አልመሰለኝም።

ሰውየው (አንቱታው ከሰኞ ጀምሮ ቀርቶበታል) መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ «እትዬ አርጅተዋል» አለ፣ ቀጥሎ ውኃ ጠየቀ። ከዳኞቹ አንዷ ወጣት «ሦስቱም ነገር በአንድ ጊዜ እንዴት ይቀየራል፣ ቋንቋውም፣ ሰሌዳውም፣ ሰዓቱም?» ስትለው «አዲስ ካርድ ጭኜ ነበር» ያለው ከራሱ አፍ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተወራም።

የእኔን ትጠይቂ ይሆናል። የጽሑፍ ተግሣጽ ነው፤ ጡረታዬን አልነኩትም። ወር ሙሉ የተንቀጠቀጥኩት ለአንዲት ወረቀት ነው። ይህን ሳውቅ አልተደሰትኩም፤ ይልቅ ራሴን ታዘብኩት።

ሰውየው ለአንቺ የታሸገ ፖስታ በሾፌሩ ልኳል። ዳኞቹ ውሳኔውን ለእሱ መልሰው «በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ፍቱት» ብለዋል አሉ። ወደ ቦታሽ መመለስሽ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እናትሽ ቤቱን እያጸዱ ነው። ልጄ፣ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ፈርሜ እመጣ ነበር። ምን እንደማትፈርሚ ግን አውቃለሁ፤ እኔ አንቺ አይደለሁም።

እትዬሽ

*

ታኅሣሥ 2

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደረጃውን መውጣትዎን ሾፌሩ በአካል ተውኖ አሳየኝ፤ አንድ እጅ የደረጃው መደገፊያ ላይ፣ አንድ እጅ ወገብ ላይ። ስቄ ሳበቃ አለቀስኩ። ቅያሜዬ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም፤ ግን እየወጣ ነው። ለእርስዎ ልለው የሚገባኝን «አመሰግናለሁ» ግን ዛሬ ብያለሁ።

ፖስታው ምን ይላል ብለው ሾፌሩን እንዳስጠየቁኝ ይኸው መልሱ። «በአስተዳደራዊ ርኅራኄ» ወደ ሥራዬ እንድመለስ ተፈቅዶልኛል። የክትባቱ መበላሸት «የማሽን ቴክኒካዊ ብልሽት» ተብሏል። ማስጠንቀቂያው «ለመዝገብ ያህል» ማኅደሬ ውስጥ ይቆያል። ከታች እኔ «ለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ የምፈርምበት መስመር አለ። በጥግ በኩል ደግሞ ኃላፊው በእርሳስ «ስትመለሺ ማሽኗን አስተካክያት» ብሎ ጽፎበታል።

ማሽኗ አልተበላሸችም። የተሰጣትን ሰዓት ደቂቃ ሳታጓድል ስትቆጥር ነው የከረመችው። በመላው ወረቀት ላይ በሩን የከፈተ ሰው የለም፤ በሩ ራሱ ተከፍቶ፣ ካርቶኑ ራሱ ተወሽቆ፣ አራት ሺህ ብልቃጥ ራሱ ሞቀ። ስም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ። እዚህ በየቀኑ ላም እየጎተቱ የሚመጡ ሰዎች አሉ። «ክትባቱ መቼ ነው?» ይሉኛል፤ «ተበላሽቷል» እላቸዋለሁ፤ «ማን አበላሸው?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ «ብልሽት» ብዬ ልመልሰው አልችልም። አንድ ሽማግሌ ጊደራቸው ሞታባቸው ዛሬ ገመዱን ብቻ ይዘው መጥተው ነበር።

ስለዚህ አልፈረምኩም። ወረቀቱን ባዶ መስመሩን እንደያዘ በዚያው ሾፌር መልሼዋለሁ፤ ግልባጩን ለዳኞቹ ከአዲስ አቤቱታ ጋር ልኬያለሁ። እናቴን ቤቱን ማጽዳቷን አትተው ይበሉልኝ፤ እመጣለሁ፣ ቀኑን ግን አላውቀውም። ማስጠንቀቂያውንም ይንገሯት። ከእኔ የተደበቀ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና ከእሷም አይደበቅ።

እዚህ ሥራ አለኝ፤ መጠበቅ እችላለሁ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሬ ይነቀላል፣ በሩን የከፈተው በስሙ ይጻፋል፣ ያኔ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ። ያን ከማድረጋቸው በፊት ደመወዝ ቢጨምሩልኝም፣ ወንበር ቢቀይሩልኝም፣ በእጃቸው ደግፈው ቢያስገቡኝም፣ እርስዎም ቢለምኑኝ፣ እናቴም ብታለቅስብኝ፣ ላላጠፋሁት ጥፋት የሚሰጠኝን ምሕረት ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።